«ካመመን እምቢ ማለት ይቻላል?»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬ 31 ነው። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ጅዳ አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ።

አሁን ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆችን በሚያሠለጥን አንድ ቦታ ረዳት አሠልጣኝ ሆኛለሁ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ካውያ፣ የአልጋ አነጣጠፍ፣ የሽንት ቤት አጸዳድ አሳያለሁ። በዚህ ዙር ያሉኝ ልጆች 24 ናቸው። አብዛኞቹ ከወረባቦ፣ ከተሁለደሬ፣ ከኩታበርና ከቃሉ የመጡ ናቸው። ካውያ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ አሉ። አንዷ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። 22 ዓመቷ ነው፤ ሁሉ ነገር ካለቀላት በስድስት ሳምንት ውስጥ ትሄዳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅዳ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት አጸዳ ነበር። ማዳም መጥታ አየችና «አልነጣም» አለችኝ። እኔም በረኪናው ላይ ፍላሽ ደፋሁበት። ፍላሽ የሚሉት የተደፈነ ቱቦ የሚከፍቱበት አሲድ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አልችልም ነበር። ወዲያው ጉሮሮዬን አነቀኝ። ዓይኔን ማየት አቃተኝ። በጉልበቴ እየዳህኩ ነው የወጣሁት። ማዳም ወተት አጠጣችኝ። ማታ እንግዳ ነበራቸውና ሩዝ ሠራሁ። በማግስቱ «አሞኛል» ስላት ሥራ ጠልተሽ ነው ብላ ክፍሌ ውስጥ ቆለፈችብኝ።

ከዚያ ወዲህ ደረቴ እንደ ድሮው አይደለም። ዳገት ስወጣ ያፍነኛል፤ የደሴን ዳገት ደግሞ ያውቁታል። ሌሊት ሌሊት ያስለኛል። ለእናቴ ጉንፋን ነው እላታለሁ። ዕጣን ስታጨስ ተነሥቼ ስወጣ «ልጄ ዓረብ አገር ሄዳ ዱዓ ጠልታ መጣች» ብላ ለጎረቤት ትነግርብኛለች።

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «እትዬ፣ ካመመን እምቢ ማለት ይቻላል?» አለችኝ። ሁሉም ዝም ብለው እኔን አዩኝ። የእህቴ ልጅም አየችኝ። ኃላፊያችን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «አይዞሽ፣ አላህ አለ፤ አሁን ካውያውን እንጨርስ» ብዬ አለፍኩት። በኋላ ጠርቶ «ጎበዝ፤ ስለ አደጋ ምናምን አታውሪባቸው፣ ግማሾቹ ይቀራሉ። አንቺ ማሽኑን አሳዪ፣ ‹እሺ ማማ› ማለትን አስተምሪ፣ በቃ» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ብናገር ከሥራ እባረራለሁ። የምበላው በዚህ ደሞዝ ነው፤ ከጅዳ ያመጣሁት ገንዘብ ቤት ሆኖ አልቋል። ደግሞስ እምቢ ማለትን አስተምሬያቸው እዚያ ሄደው ቢደበደቡ፣ ቢቆለፍባቸው? እኔ አንድ ቀን አሞኛል ብዬ ያገኘሁትን ነገርኩዎ። ዝም ብል ደግሞ የእህቴ ልጅ... ምን ላድርግ?

ሰ. ከደሴ

ውድ ሰ.፣

ወደ ጥያቄሽ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሐኪም ቤት ሂጂ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1907፣ ጀርመኖች ቤልጂግ ውስጥ በጠላት ምሽግ ላይ የለቀቁት ጋዝ ይኸው ነው። አንቺ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ተንበርክከሽ ተነፈስሽው። እንዲህ ያለውን ጋዝ አንድ ጊዜ ብቻ በብዛት የተነፈሰ ሰው ለዓመታት አስም የመሰለ ሕመም ሊቆይበት ይችላል። መድኃኒት ደግሞ አለው፤ ብዙ ሰው በሚነፋ መድኃኒት ይሻለዋል። እዚያው ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ስትሄዪ «ያስለኛል» ብለሽ አታቁሚ። «ከዓመታት በፊት በረኪናና አሲድ ቀላቅዬ ጋዙን ስቤ ነበር» በያቸው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ካልሰሙ በሳል መድኃኒት ሊሸኙሽ ይችላሉ።

ይህን ያስቀደምኩት ለጤናሽ ብዬ ነው፤ ግን ለክፍልሽም ይጠቅማል። ስለ ሕመሟ ለሐኪም እንኳን ተናግራ የማታውቅ አሠልጣኝ ልጆቿን ተናገሩ ማለት ይከብዳታል። ልወቅስሽ አይደለም። ራስሽን አንድ ነገር እንድትጠይቂ ነው የምፈልገው፤ መልሱንም ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ያቺ ልጅ ስትጠይቅሽ አፍሽን የያዘሽ በሩ ላይ የቆመው ሰው ብቻ ነበር? ወይስ ያ የተቆለፈ ክፍልም መጣብሽ? የኃላፊው ጉዳይ በንግግር ሊፈታ ይችላል። የተቆለፈው ክፍል ግን ሌላ ነው፤ እሱ ጊዜና የሚሰማ ሰው ይፈልጋል።

አሁን ወደ ኃላፊሽ። እውነቱን ለመናገር ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ተናድጄበት ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ከተናገረው ውስጥ ግማሿ ልክ ናት። ልጆቹን ማስፈራራት አይጠቅማቸውም። በፎቅ የወደቀች፣ የሞተች፣ ያበደች እያልሽ ብታወሪላቸው አብዛኞቹ አይቀሩም። ምክንያቱም ለመሄድ የወሰኑት ስለማያውቁ አይደለም። ወሎ ውስጥ ከዓረብ አገር የመጣ አስከሬን ያልተቀበለ ቀበሌ ፈልጊ ቢሉኝ ይቸግረኛል። እያወቁ ነው የሚሄዱት። ፈርተው ይሄዳሉ፤ የፈራ ሰው ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል። አንቺም ያደረግሽው እሱን ነው።

እሱ የሳተው ማስፈራራትንና ማሳወቅን አንድ ማድረጉ ላይ ነው። «በረኪና ይገድላል» ማለት ማስፈራራት ነው። «በረኪና ለብቻው፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ በሩ ተከፍቶ» ማለት ሙያ ማስተማር ነው። ይህን ልዩነት እሱም የሚገባው ይመስለኛል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። አክስቴ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ክፍል ለብዙ ዓመት ሠርታለች። ከገጠር መጥታ የተቀጠረች ሴት ናት። እሑድ ደህና ትውላለች። ሰኞ ከሥራ ስትገባ ደረቷ ይጨመቃል። «የቆላው ወበቅ ነው» ትላለች። ዓይነ ጥላ ነው ያሏትም ነበሩ። አንድ ሰኞ ማታ የሥራ ጓደኞቿ ቡና ሊጠጡ መጡ። አቦሉ ላይ አንዷ «ዛሬ ደግሞ ደረቴ» አለች። ሌላዋ «አንቺም?» አለች። ሦስተኛዋ ሲኒዋን አስቀመጠች። በረካው ላይ ሲደርሱ አምስቱም ሰኞ ሰኞ እንደሚያማቸው አወቁ። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው በሽታ ነው፤ ሐኪሞች ቢሲኖሲስ ይሉታል። ከዕረፍት በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን መባሱ መለያው ነው። አክስቴ ይህን ስም እስክትሞት አልሰማችውም። ግን በማግስቱ አምስቱም አብረው ወደ አለቃቸው ሄዱ። ጭምብል ተሰጣቸው። ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልሽም፤ አልተስተካከለም። ብቻ ከዚያ በኋላ አክስቴ «ያመመኝ እኔን ብቻ ነው» ብላ አታውቅም።

ማሠልጠን ስትዪኝ እኔ የሚታየኝ ያ የቡና ሰዓት ነው። ሠራተኛ ስለ ደህንነቱ አፍ የሚያወጣው ሕግ ሲነበብለት አይደለም፤ ሕመሙን ከጎኑ ካለው ሰው ሕመም ጋር ሲያስተያይ ነው። አንቺ ደግሞ 24 ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠውልሻል። ከስድስት ሳምንት በኋላ እያንዳንዷ በተለያየ ግቢ፣ ከብረት በር ኋላ ብቻዋን ትሆናለች። አብረው የሚሆኑት አሁን ብቻ ነው።

እስቲ ይህን ሞክሪ። ሰፋ ያለ ወረቀት አምጪ፤ የስሚንቶ ወረቀትም ይሆናል። የሴት ቅርጽ ሣይበት፤ መሳል ካልቻልሽ አንዷን አስተኝተሽ ዙሪያዋን ማስመር ነው። ለእያንዳንዷ ሦስት ፍሬ ጥሬ ቡና ስጫት። «እስከ ዛሬ ከሠራሽው ሥራ ሰውነትሽን የት የት ያመመሽ? ቡናውን እዚያ አስቀምጪ» በያት። ዓረብ አገርን አታንሺ። ገና አልሄዱም፤ ግን ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ የሠሩ ልጆች ናቸው። ወገብ ላይ ቡናው ሲከመር ታያለሽ፣ ከጀሪካኑ ነው። ዓይንና ደረት ላይም ይቀመጣል፣ ከኩበት ጭሱ ነው። ከዚያ ዝም በይ፤ እነሱ ያወራሉ። አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ ምናልባት ታለቅሳለች። ይህን ዓይነት ዘዴ በብዙ አገር ያሉ የሠራተኛ አሠልጣኞች ይጠቀሙበታል። ቡናው ግን የእኔ ጭማሪ ነው።

በሌላ ቀን ደግሞ ሰውነቱን ትተሽ ቤቱን ሣዪ። አንቺ የሠራሽበትን ቤት። ማድቤቱ እዚህ፣ መታጠቢያ ቤቱ እዚህ፣ ደረጃው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ልብስ የሚሰጣበት ሰገነት። ቡናቸውን አደጋ አለበት ባሉት ቦታ ያስቀምጡ። መስኮት ላይ ማንም የማያስቀምጥ ከሆነ፣ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት በውጭ በኩል ተንጠልጥሎ መስታወት መወልወል ምን እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ያኔ አንቺም አንድ ፍሬ ቡና አንሥተሽ መታጠቢያ ቤቱ ላይ አስቀምጪ። የደረሰብሽን መናገር ከቻልሽ ንገሪያቸው። ካልቻልሽ «እዚህ አንድ የማውቃት ልጅ ተጎድታለች» በያቸው። ይበቃል።

በቃል የሚያዝ ነገርም ስጫቸው። በረኪና ከፍላሽም፣ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃም ጋር አይገናኝም፤ ያም መርዝ ጋዝ ነው የሚያወጣው። ተሳስተው ቢቀላቅሉ መጥረግ የለም፣ ጥሎ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ነው። ወተት ሳንባ ውስጥ አይገባም። ዓረብኛ ማንበብ ለማትችለው ደግሞ ሥዕሉን አሳያት። ብዙ ጠርሙስ ላይ በቀይ መስመር የተከበበ፣ በአንድ ማዕዘኑ የቆመ ካሬ አለ። ውስጡ እጅ ላይ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ካለ ቆዳ ይበላል ማለት ነው። የራስ ቅል ካለ መርዝ ነው። ከጅዳ ስትመጪ ባዶ ጠርሙስ አላመጣሽም መቼስ፤ ግን ደሴ ሱቅ ውስጥ ተመሳሳዩን ታገኚያለሽ። ባዶውን አጥበሽ ክፍል ይዘሽው ግቢ። እጃቸው ይንካው።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃትሽ ልምጣ። እምቢ ብለው ቢደበደቡስ ብለሻል። ትክክል ነሽ፣ እኔም እፈራለሁ። ለዚህ ነው «እምቢ»ን ቀድመሽ አታስተምሪ የምልሽ። ከእምቢ በፊት ብዙ ቃል አለ። አንቺ በዚያን ቀን «አሞኛል» ነበር ያልሽው። እውነት ነው፤ ግን ማዳም የሰማችው «ዛሬ ሥራ የለም» የሚለውን ነው። እስቲ በእሷ ጆሮ ስሚው። «ማማ፣ ሪሓ ገዊያ፣ አፍተሕ ሹባክ» ብትያትስ? ሽታው ኃይለኛ ነው፣ መስኮት ልክፈት ነው። ይህ ሥራ አይከለክልም። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ነው የሚያወራው። «ይህን ዛሬ፣ ያንን ነገ፤ በአንድ ላይ አይሆንም፣ ልብሱ ይበላሻል» ማለትም ይቻላል። ለልብሱ ብላ እሺ ትላለች፣ አንቺ ለሳንባሽ ብለሽ ነው። ተንኮል ነው ካሉሽ ተንኮል ይሁን።

ክፍል ውስጥ አለማምጃቸው። አንዷ ማማ፣ አንዷ ሠራተኛ ሆነው ይጫወቱት። ማማ የምትሆነው ልጅ ሁልጊዜ ከእውነተኛዋ ማዳም ትከፋለች፣ ተዘጋጂ። ይሳቁ። ሲስቁ ነው አፋቸው የሚፈታው። «አና ተዕባና» (አሞኛል) ማለትን፣ «አብጋ ሙስተሽፋ» (ሐኪም ቤት እፈልጋለሁ) ማለትን፣ «ኸጠር» (አደጋ) የሚለውን ቃል ሃያ ጊዜ ጮክ ብለው ይበሉት። ሕመም ሲመጣ ጭንቅላት ይዘጋል፤ የሚቀረው ምላስ የለመደው ነው። አንቺ በዓረብኛው ከእኔ ትሻያለሽ፣ አነጋገሩን አርሚው።

ከዚያ በኋላ እምቢ ይመጣል። እምቢ የሚባልባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ፤ እነሱን ግን ሳትለሳልሺ ንገሪያቸው። ከፎቅ መስኮት ወደ ውጭ አይወጣም። በእርጥብ እጅ የኤሌክትሪክ ገመድ አይነካም። ጋዝ ሲሸት ክብሪት አይጫርም፣ መብራትም አይበራም። እዚህ ላይ ማማ ብትቆጣ ትቆጣ።

ድብደባና መቆለፍ ግን በለዘበ ቃል አይመለስም። እባክሽ ይህን ለይተሽ ንገሪያቸው። በዚያን ቀን የተቆለፈብሽ ሳታውቂ የተናገርሽው ቃል ስህተት ስለነበረ አይመስልሽ። ሴትዮዋ በደል ሠራች። የትኛውንም ቃል ብትናገሪ ልትቆልፍ ትችል ነበር። ልጆቹ ነገ ይህ ቢደርስባቸው «አሠልጣኜ ያለችኝን ሳላሳምር ተናግሬ ነው» ብለው ራሳቸውን እንዳይወቅሱ። ለዚህ የሚያስፈልጋቸው ስልክ ቁጥር ነው። ሳውዲ ውስጥ የሠራተኛ ጉዳይ ቅሬታ የሚቀበለው መሥመር 19911 ነው። አምቡላንስ 997፣ ፖሊስ 999 ነው፤ ጅዳና ሪያድ ግን ፖሊስ የሚጠራው በ911 ነው። ጅዳ የእኛ ቆንስላ አለ፣ ሪያድ ኤምባሲው አለ፤ የአሁኑን ቁጥራቸውን ከመሄዳቸው በፊት ራሳቸው ደውለው ያረጋግጡ። ስልካቸው ሊነጠቅ ይችላልና ቁጥሮቹ በልብስ እጥፋት ውስጥ ይሰፉ። አንድ የቤተሰብ ቁጥር ደግሞ በቃል ይያዝ። የስንቶቻችን እናት ስልክ ነው በቃላችን ያለ? እኔ የልጄን አላውቀውም።

መብታቸውንም ቢያውቁ ጥሩ ነው፤ ብቻ ሳታጋንኚ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ልጅ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ አለላት። አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ሊያሳውቃት፣ መከላከያ ሊሰጣት ግዴታው ነው። አደጋ ስታይ መናገር ለእሷም ግዴታዋ ነው፤ አቤቱታ አቀረብሽ ብሎ ማባረርም ሕገ ወጥ ነው። ከጎኗ መቶ ሰው አለ። ሰው ቤት የምትሠራዋ ግን ሌላ ናት። የእኛው አዋጅ እንኳን የግል ቤት ሠራተኛን አይሸፍናትም። ስለ ዓረቦቹ ስናማ ይህን ብንረሳው ደስ ይለናል፤ እዚሁ ደሴ በየማድቤታችን ያለችው ልጅ ግን አትረሳውም። ሳውዲ ለቤት ሠራተኞች የተለየ ደንብ አላት። በፈረንጆቹ 2024 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ የሥራው ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ፣ በሳምንት 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት እንዲኖር ተጽፏል። መጻፉ መፈጸሙ አይደለም። ግን 19911 ደውላ «ዕረፍት የለኝም» የምትል ልጅ እየለመነች አለመሆኗን አውቃ ትደውላለች።

ስለ ኃላፊሽ እንነጋገር። ሦስት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው ዝም ብለሽ መቀጠል ነው፤ እንቅልፍ ካጣሽ ይህኛውን ራስሽ ጥለሽዋል። ሁለተኛው እሱ ሳያይ በድብቅ ማስተማር ነው። አልመክርሽም። 24 ልጆች ምስጢር አይጠብቁም፤ በሁለተኛው ቀን ይሰማል፣ ያኔ ጉዳዩ ደህንነት መሆኑ ይቀርና አንቺ የደበቅሽው ነገር ይሆናል። ሦስተኛው ፊት ለፊት መንገር ነው፤ እኔ ወደዚህ አደላለሁ።

ስትነግሪው ግን «ልጆቹ መብት አላቸው» ብለሽ አትጀምሪ። ክርክር ውስጥ ትገባላችሁ። በእሱ በኩል ግቢ። «የጽዳት ዕቃ አጠቃቀም የሚል ሁለት ክፍለ ጊዜ ልጨምር ነው። ልጅቷ በሁለተኛው ወር ተመርዛ ብትመለስ ጣጣው ለኤጀንሲውም ለእኛም ይተርፋል» በይው። ውሸት አይደለም። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ ኤጀንሲውም ከአሠሪው ጋር ተጠያቂ ነው። ደግሞ ሠራተኞች ከመሄዳቸው በፊት ስለሚሠሩት ሥራና ስለ መብታቸው ግንዛቤ ያግኙ የሚለውም ያው አዋጅ ነው። አንቺ የምትጨምሪው ነገር የለም፣ የጎደለውን ነው የምትሞይው። በጽሑፍ አንድ ገጽ አዘጋጂለት፤ በረኪና፣ ካውያ፣ ጋዝ፣ መስኮት፣ ከባድ ነገር ማንሣት። «እምቢ» የሚል ቃል የለበትም። አንድ ቀን መጥቶ ቁጭ ብሎ እንዲያይ ጋብዢው። ቡና ሲቀመጥ ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል።

ባይስማማስ? ሊሆን ይችላል። ያኔ ሥራሽን ወዲያው ጣይ አልልሽም፤ የወር ወጪሽን እኔ አልሸፍንልሽም። ማሽኑን ማሳየትሽን ቀጥይ፣ ማሽኑን ስታሳዪ ሶኬቱን መንቀልም ማሽን ማሳየት ነው። ከሥራ ውጭ ደግሞ እሑድ ቤትሽ ቡና አፍዪ። እንዳንቺ የተመለሱ ሴቶች ደሴ ውስጥ ሞልተዋል፣ ሁለቱን ጥሪ። ወንበር የለም ትዪኝ ይሆናል፤ ፍራሽ አለ። በጎን ሌላ ሥራ ማፈላለግ ጀምሪ። ከዚያ ደግመሽ ጻፊልኝ፣ አብረን እናስባለን።

የእህትሽን ልጅ ግን ኃላፊው እስኪፈቅድ አትጠብቂ። ዛሬ ማታ ንገሪያት። ሙሉውን፣ በጉልበትሽ መዳህሽንም ጭምር። ሂጂ ወይም አትሂጂ ለማለት አይደለም፣ እሱ የእሷና የእናቷ ውሳኔ ነው። ስትነግሪያት እንድትጠይቅሽ ጊዜ ስጫት። አንድ ነገርም ተስማሙ። በሳምንት አንድ ቀን ስትደውል «ማሽላው እንዴት ነው?» ብትልሽ ችግር አለ ማለት ይሁን። ማዳም አጠገቧ ቆማ ብትሰማም አይገባትም። ማሽላ ካልወደዳችሁት ጤፍ አድርጉት።

ያቺን የጠየቀችሽን ልጅም እንዳትረሻት። ነገ ስትገቢ ከካውያው በፊት ስሟን ጠርተሽ «ባለፈው የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም» በያት። ሁሉም ፊት። መልሱን ገና ባታሳምሪውም ግድ የለም። «ይቻላል፤ እንዴት እንደሚቻል ግን አብረን እንማረዋለን» ብትዪ ለመጀመሪያው ቀን በቂ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እናትሽ። ሌሊት ሌሊት ሳልሽን በግድግዳ በኩል ትሰማለች። ጉንፋን ሁለት ዓመት እንደማይቆይ ታውቃለች። «ዱዓ ጠላች» የምትለው ምናልባት ሌላ የምትለው አጥታ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍይላት፣ አጠገቧ ተቀመጪና ንገሪያት። ዕጣኑን ግን በር ላይ አድርጉት፣ ለደረትሽ አይሆንም።